ሚኒሞ

ዜስታፖኒ፣ ጥር። ዝናቡ ከቆርቆሮው ጋር ይሟገታል፤
የማቅቫላ ላዳ በራችን ላይ ቆሞ ይንዘፈዘፋል፤
ወባ እንደያዘው ሰው ጥርሱን ያፋጫል።

«መንገድ ላይ ደህና ነው» አለች፣ ጓንቷን ሳታወልቅ፣
«ዳገቱን እንደ ፍየል ነው የሚወጣው።
ቆም ስል ነው ጉዱ። መብራት ሲይዘኝ፣ ሰው ስጠብቅ፣
ዝም ብዬ ስቀመጥ፣
ያኔ ነው መሪው እጄ ላይ የሚያለቅሰው።»

ከኛ በፊት ሦስት ጋራዥ አይቶታል፤
ሦስቱም ካቻቪቴ አንስተው፣ ሚኒሞውን ከፍ አድርገው ሸኝተውታል፤
ማስጮህ ማዳን መስሏቸው።
ኖዳር ብሎኗን መልሶ አላላ፤
«ሕመሙን ሳይናገር በጩኸት አታፍኑት» አለ።
ከዚያ እንደ ልማዱ፣ እስከ አፉ ውሃ የሞላ ብርጭቆ
ሞተሩ አናት ላይ አኖረ፤
ብርጭቆው አንድ ስንዝር ሳይሄድ ወደቀ፣ ተሰበረ።

ለኔ ፒንሳ ሰጠኝ፤ «በል፣ አንድ በአንድ ንቀል።»
(በባዶ እጅ እንደማይነካ አንዴ ነዝሮኝ ተምሬያለሁ።)
የአንደኛውን ካንዴላ ገመድ ነቀልኩ፤
ሞተሩ ጎበጠ፣ ሊጠፋ ተንገዳገደ፤ መለስኩ።
ሁለተኛው እንደዚያው። አራተኛው የባሰ።
ሦስተኛውን ነቀልኩ።
ምንም።
ያው መንቀጥቀጥ፣ ያው ድምፅ።
«ሲሄድ ካልጎደለ፣ ሲኖርም አልነበረ፤
የሞተው እሱ ነው» አልኩ፣ አዋቂ መስዬ።
ማቅቫላ ፊቷን ወደ ዝናቡ መለሰች።

ኖዳር ገላመጠኝ። «ሞተ አይባልም ገና!
እሳቱን አላየህም? ሰማያዊ ነው።
ቤንዚን ይደርሰዋል፣ የሚገፋበት ጉልበትም አለው።
ያጣው ነገር የለም፤ ምናልባት
የበዛበት ነው።»

ግራ ጆሮው ከብረት ማቅለጫው ወዲህ አይሰማም፤
በቀኙ አንድ ክንድ የጎማ ቱቦ ሰካ፣
ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ላይ እያንሸራተተ፣
ሌሊት ኮሽታ እንደሰማ ሰው ቀስ እያለ ሄደ።
ካርቡራተሩ ሥር፣ የለም።
ጓርኒሲዮኑ ዳር ዳር፣ የለም።
ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ቱቦ አንገት ላይ ሲደርስ
ቆመ። የሰማበትን ጫፍ ወደ ጆሮዬ አዞረው፦
ስስስስስ፣
ከበር ጀርባ አንድ ሰው «ዝም በሉ» እንደሚል፣
ቀጭን፣ የማያባራ።
አውራ ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ፤
ላዳው መንዘፍዘፉን ተወ።

ጥፍር የማታስገባ ስንጥቅ፤ የሠላሳ ዓመት ጎማ።
ዛውር በሕይወት ሳለ በቀጭን ሽቦ አስሯት ኖሯል፤
ሽቦው ዝጎ ረግፎ፣ የጥምጥሙ አሻራ ቀርቷል።
«አልነገረኝም» አለች ማቅቫላ፤
ደግማ፣ ቀስ ብላ፣ «አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም።»

አዲስ ቱቦ ገጠምን። ሌላ ብርጭቆ ሞልተን አኖርን፤
ከውሃው መሃል አንዲት ክብ ተነሥታ፣ ዳር ሳትደርስ ጠፋች።
ሥራው አልቋል፤ ሒሳቡ ተከፍሏል፤
እሷ ግን አልሄደችም።
እጇን መሪው ላይ ጥላ፣ ማርሽ ሳታስገባ፣
ቆሞ የሚሠራ ሞተር ትሰማለች።

«ቤንዚን ትጨርሳለች» አለ ኖዳር፣ ለራሱ።
ኮፈኑን ሊዘጋ ግን አልተነሣም፤
ብርጭቆው ገና እዚያው ነበር፣
እንደ ሞላ።