ቆጣሪ አንባቢው

«የሰፈር ቅርስ ቀን» ይላል ሸራው ላይ፣
«ቅርስ»ን በቀይ ቀለም፣ «ቀን»ን በሰማይ።
ጥሪው ላይ የጻፍነው ሦስት ሰዓት ነበር፤
አራትም ሞልቶ ከሦስት ሰው በቀር
ማንም አልመጣ።

ነሐሴ ነውና፣ ሰማዩ ስላጉረመረመ
የእድሩ ድንኳን ነው ለዛሬ የቆመ።
ጎመን የታቀፈች አንዲት አላፊ ሴት
«ማነው የሞተው?» አለች፤ «ማንም» አልኳት፣ «ለቤት…
ለድሮ ቤቶች ነው፣ ዝግጅት አለብን።»
እህ፣ አለች፤ አየችን፤
ነጠላዋን ግን አዘቅዝቃ አለፈችን።

ቀስ በቀስ ሰው መጣ፣ ያለውን ይዞ፤
ጠረጴዛው ሞላ በየቤቱ ጓዝ፦
የከሰል ካውያ፣ እጀታው የላላ፣
የቀበሌ ስኳር ካርድ፣ ጠርዙን አይጥ የበላ፣
ድምፁ ከጠፋ የከረመ ራዲዮ፣
አንድ የጥርስ ሐኪም ወንበር፣ ማን እንዳመጣው እንጃ፤
ልጆች ተራ ይዘው አፋቸውን ይከፍታሉ
እንዲያው ለጨዋታ።

ከዚያ ጋሽ ይፍሩ መጣ፣ ጃንጥላው አንድ ጎኑ የተሰበረ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ፒያሳን ከላይ እስከ ታች
የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ።
አስጎብኚ ስንፈልግ የተገኘው እሱ ነው።
«ታሪክ አልተማርኩም» አለን ፈገግ እያለ፤
«እኔ ቤት የማውቀው በውሃው ነው፤
ስንት እንደተቀዳ፣ ማን እንደከፈለ።»

ተከተልነው፦ ሃያ ሁለት ሰው፣ ሁለት ውሻ፣
ሰዓቱን የሚያይ የወረዳ ተወካይ፣
ከቡሄ የተረፈ ጅራፉን ያልጣለ ኪሩቤል የሚባል ልጅ።
እኔ በወረቀት ጽፌ ነበር፣
ስለ እንጨት በረንዳው፣ ስለ መስኮቱ ጥልፍ፣
ስለ ደረጃው።
ማን ሊሰማኝ! ጋሽ ይፍሩ ጎንበስ ይላል ከግንቡ ሥር፣
ክዳኗን ገልጦ ያወራል ከብረት ጋር።

«እዚህ ሰዓት ሠሪ ነበር። በወር ሁለት ሜትር ኩብ።
ብቸኛ ሰው፣ ሻዩንም ውጭ ነው የሚጠጣ።
ከጎኑ አሥራ አንድ ልጆች፤ ቆጣሪው ሲሮጥ
ከጃንሜዳ ያመለጠ ፈረስ ነው የሚመስለው።»
ሳቅን። ተወካዩም ሳቀ።
«ይቺ ቤት ደግሞ በሰባ ዓመተ ምሕረት
ከሃያ ወደ አራት ወረደች፣ በአንድ ወር።
ምነው ብዬ አልጠየቅኩም።
አራት ብዬ ጻፍኩ፤
በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ።»
ያኔ የሳቀ የለም።

ዝናቡ ጀመረ። ከመታጠፊያው ወዲያ
አረንጓዴ ቆርቆሮ፣ አዲስ፣ ረጅም፣
በስተጀርባው ምን እንዳለ አይታይም።
ማለፍ ነበር ያሰብነው፤ ፕሮግራሙ ላይ የለም።
እሱ ግን ቆመ።
እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ፣
በቆርቆሮው ግርጌ ጭቃውን በእጁ ጠረገ፣
ምንም የሌለበትን ቦታ አነበበ፦

«የዘነበወርቅ ቤት። ልብስ ሰፊ። ዘጠኝ ሜትር ኩብ።
ልጇን የዳረች ወር፣ አርባ አንድ።
ውሃ የጠፋ ጊዜ የበርሜሏን ክዳን
ለጎረቤት ከፍታ የምታድር።
መጨረሻ ያነበብኩት ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ስድስት።»
ቁጥሩን እንደ ዳዊት ደጋሚ
በቃሉ ይዞታል፣ አንዲት አትሳሳት።

«አሁንስ ስንት ነው?» አለ ኪሩቤል፣
ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ።

ቆርቆሮው ላይ ውሃው ይንጫጫል፣
በቦዩ ይወርዳል፣ ጫማችን ውስጥ ይገባል፤
ማንም አይቆጥረው፣ ማንም አይከፍልበት።
ጋሽ ይፍሩ ጃንጥላውን አጠፈ፣
ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ረጠበ፤
«አሁንማ» አለ፣ «አሁንማ… ዘነበ።»
ወርቁን ዋጠው።

ስንመለስ ድንኳኑ ያንጠባጥባል፤
ካርዱ ረጥቧል፣ ሰዎች ራዲዮውን በላስቲክ ይሸፍናሉ።
ያቺ ጎመን የታቀፈች ሴት
ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኘናት፣
ጎመኗ እግሯ ሥር፣ እጆቿ ጭኗ ላይ።
ቀና ብላ ሁላችንንም አየች፣
ጭቃችንን፣ ዝምታችንን።
«እግዜር ያጥናችሁ» አለች።

ማን እንደሞተ አልነገርናትም።
አሜን አልን፤
ቦታ ለቀቀችልን፣ ተቀመጥን።