ሦስተኛ ምስክር

የጎንደር ክረምት ነው፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፣
«ድምፅህን ከፍ አድርገው» ዳኛው ይለኛል።
ሦስተኛ ምስክር ነኝ፤ ማኅተም ጠባቂ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የመሳቢያ ቁልፍ ታጣቂ።

ከተከሳሽ ሳጥን ባይነሳኝ ቆሟል፤
ያ ሁሉ ሰው የፈራው ትከሻ ዛሬ ኮቱ ሰፍቶታል።
ስሙን ያወጣችው እናቱ ነች አሉ፤
ስድስት ቀብራ፣ ሰባተኛውን አቅፋ፣
«ይኼንንስ ባይነሳኝ!» ብላ ተንበርክካ።
እሷን አልነሳትም፤
ነሺው ልጇ ነው ለካ።

የአትጠገብን ጓሮ፣ አዘዞ መውጫ ያለውን፣
ከነጌሾ ተክሉ፣ ከነድንጋይ ካቡ፣
«ለልማት» አሰኝቶ በሁለት መስመር ደብዳቤ
ለሚስቱ ወንድም ሰጠው።
ጌሾው በነበረበት ዛሬ ነዳጅ ይቀዳል።

«ፊርማው የማን ነው?»
የእሱ። አረንጓዴ ቀለም፣ ጭራው እንደ ጅራፍ የረዘመ።
«ማኅተሙንስ ማን መታው?»
እኔ።

ከኋላ ወንበር አትጠገብ ቀና አለች፤
ዝናቡም ያን ጊዜ አባራ።

ያልጠየቁኝ አለ፤ እኔም አልተናገርኩ፦
እናቴ የታመመች ሌሊት በሩን አንኳኳሁ፣
በጋቢ ወጣ፣ በአንድ ስልክ
የሆስፒታል አልጋ አስለቀቀልኝ።
ከዚያ አልጋ ማን እንደወረደ
እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ቃሌን ፈርሜ ስወጣ በአጠገቡ አለፍኩ፤
ከሳጥኑ ጎንበስ አለና
«እናትህ ደህና ናት?» አለኝ፣ በሹክሹክታ።
«ደህና ናት» አልኩት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» —
አፌ ለምዶ።