መስኮት ቁጥር ሦስት

የጦሳ ተራራ ጉሙ ሳይገፈፍ፣
ሰዓዳ ፊተኛ ናት ከመስኮቴ ሰልፍ።
ይማም፣ አልጋ ዘጠኝ፣ ዛሬ ይወጣል አሉ፤
ስፌቱ ደርቆለት፣ መለስ ብሎ አካሉ።
«ጊደሯን ኮምቦልቻ፣ ከእህቴ ግቢ አስሬ፣
ስንት ትሉኝ ይሆን ስል ነው አዳሬ።»

የመድኅን ደብተሯን ከጉያዋ አወጣች፤
አምና ለቀበሌው እያጉረመረመች
የከፈለችበት፣ ጠርዙ የተበላ፣
ከፎቶዋ ይልቅ ማኅተሙ የጎላ።

ሂሳቡን አተምኩት፦ ቀዶ ጥገና፣ ደም፣
አልጋ፣ ራጅ፣ መርፌ፤ ረጅም ነው መቼም።
ጣቷን ከወረቀቱ ግርጌ ላይ አኖረች፤
«ይቺ ክቧስ ምን ናት?» አለች እየፈራች።
ዜሮ ናት፣ እናቴ። ያንቺ ድርሻ ባዶ።
«ባዶ? እንዴት ባዶ? ሰው ሆዱ ተቀዶ?»

ልትስቅ ስትል ግን ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ፤
ያ ሰማያዊ ማኅተም፣ እጄ የሚጠላው፦
«ከመደብር የለም። ከውጭ ይገዛ።»
ዜሮዋ እስከዚያ አትደርስም።

መቀነቷን ፈታች። ሦስት ድርብ ቋጠሮ፤
የእንቁላል፣ የቅቤ፣ የከረመ ከድሮ።
«ደረሰኙን» አልኳት፣ «እንዳትጥዪው አደራ፤
ይመለስልሽ ይሆናል፣ ሲደርስሽ ተራ።»

ከፒያሳ ፋርማሲ ተመለሰች በቀትር።
ብሩ በነበረበት፣ በዚያው መቀነት ሥር፣
ደረሰኙ ታስሯል፣ እንደ ብር ተጣጥፎ።
«ጊደሯስ?» አልኳት።
«ትጋጥ እንጂ» አለች፣ «የኮምቦልቻን ሣር።»