አምስት ሳንቲም

መለኪያዬን ይዤ ከማሳው ስደርስ፣
ካንዛቡሮ ቆሟል፣ በጋም ክረምትም ያቺው ቡኒ ልብስ።
«ስንት ይላል?» አለኝ፣ ሰላምታ ሳይሰጠኝ።
ቁጥሩን አሳየሁት። ቁጥሩን ትቶ እኔን አየኝ።
ከወገብ ከፍታ፣ ሦስት ነጥብ ስምንት፤
ወደ መሬት ሳስጠጋው ጩኸቱ ባሰበት፣ እንደ ፌንጣ መንጋ በምሽት።

«ምን ያህል ትገፏታላችሁ?»
«አምስት ሳንቲም» አልኩት።
«አምስት ሳንቲም! ርካሽ ነው» ብሎ ሳቀ፤
ፊቱ ግን ከሳቁ ኋላ ቀርቶ፣ እንደ ዳመነ ደረቀ።

አርባ ዓመት ነው እኮ።
የሩዝ ገለባ አብስብሶ፣ የዓሣ አጥንት ፈጭቶ፣
ከላሞቹ በረት ፍግ በጀርባው አውጥቶ፣
በያመቱ አንድ ስስ፣ እንደ ወረቀት ስስ፣
ደረበላት፣ ያቺ ቀይ ጭቃ ጥቁር እስክትለብስ።
ጤናዋን የሚያውቀው በምላሱ ነበር፤
«አፈር ብላ» ብሎ ማንም ሳይረግመው፣ ጸደይ በመጣ ቁጥር
ቆንጠር አርጎ ይቀምሳል፦
ስትጎመዝዝ አመድ፣ ስትመር ውሃ፣ ስትጣፍጠው ዘር።

«ዘንድሮስ ልቅመሳት?»
«አይሆንም» አልኩት፣
ያባቴን እኩያ ስከለክል የመጀመሪያዬ ነው፤ አንገቴን ደፋሁት።

ሰኔ ላይ ነጭ ለባሾቹ መጡ።
ቁፋሮ አይደለም፣ ገፈፋ ነው፤ ቆዳዋን በስሱ አወጡ፤
ትሉን ከነቤቱ፣ ሥሩን ከነጉጡ፣
ያልበቀለውን ዘር ሳይጠይቁ፣ ሳይመርጡ፣
በጥቁር ከረጢት ከተው፣ አፉን ቋጠሩት፤
አንዱ ከረጢት አንድ ቶን፤ በክሬን አነሡት።

ለሞተ ሰው «አፈሩን ያቅልልልህ» ይባላል፤
አፈር ራሱ ሲሞት ማን፣ ምን ያቀልለታል?

እኔ መለያ አንጠለጠልኩ፦ ቀን፣ ክብደት፣ የጨረር መጠን።
የስም ቦታ የለውም ቅጹ።
እሱ ግን ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ቆጠረ፦ አራት መቶ አሥራ ሁለት፤
አንዱን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ እንደሆነ ብሎ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣበት።

ከዚያ በገልባጭ መኪና ቢጫ አሸዋ መጣ፣
ከማያውቀው ተራራ የወጣ፤
ትል የለው፣ ሽታ የለው።
ረገጠውና «ይኼ ደግሞ ማነው?» አለ፣ እንግዳ እንደሚጠይቅ ሰው።

ቁጥሩ ወረደ። ጽሕፈት ቤቱ ደስ አለው።
እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለጥቂት ሳምንት ነው።
ግን ደኑን አናጥብም። ከቤት ጥግ ሃያ ሜትር፤ ሕጉ እዚያ ያበቃል፤
ዝናብ ሕግ አላነበበም፣ ከጥዱ ሥር ተነሥቶ ወደ ማሳው ይወርዳል።
ሄጄ እለካለሁ፤ ትናንት ቁልቁል ያለው ቁጥር፣ ዛሬ ሽቅብ ይሄዳል።

«ስንት ዓመት?» አለኝ አንድ ማለዳ።
«ሲዚየሙ በሠላሳ ዓመት እኩሌታው ያልቃል።»
«ሰባ ዘጠኝ ሞልቶኛል» አለ፤ «የኔ እኩሌታ የት ይገኛል?»

ሚስቱ ሚትሱኤ ከጊዜያዊው ሰፈር፣ ከሁለት ክፍል ቤት፣
በቆርቆሮ ጣሳ ሽንኩርት ዘራች፣ መስኮቱ ላይ አኖረችበት።
አፈሩን ከሱቅ ገዛችው፣ በኪሎ፣ በላስቲክ ታሽጎ፤
ደረሰኙን አሳየችኝ፣ ከንፈሯ ላይ ሳቅ መሰል ነገር አድርጎ።
ዕድሜዋን ሙሉ በነፃ የረገጠችው
ዋጋ እንዳለው ያወቀችው
ባለቀ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ፀሐይ ከረጢቶቹን ሰነጠቀ።
ያን ቀን ካንዛቡሮ ቀድሞኝ ደርሶ፣ ከአንዱ ጎን ተንበርክኳል፤
በስንጥቁ በኩል ሁለት ቅጠል ወጥቷል።
አኩሪ አተር።
መመሪያው ግልጽ ነው፦ ቡቃያው ይነቀል፣ ቀዳዳው ይለጠፍ።
ፕላስተሩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ በጣቴ ጫፉን እፈልጋለሁ፣ ቀና ሳልል፣ ሳላርፍ።

«አፈር ስሆን» አለኝ፣
«እስኪያብብ ብቻ።»

መለኪያውን አላወጣሁም።
መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ ከረጢት ቁጥር ሁለት መቶ ሰባት፤
ጉዳት፦ የለበትም።