አውራ ጣት

ቀን ቀን የአሳ ሚዛን ነው ሥራዬ፣ ከጣና ዳር፤
ማታ ማታ ፔዳ ግቢ፣ ከኋላ ወንበር፣ ከካልኩለስ ጋር።
እጄን በሎሚ አሽቼ፣ በሳሙና ደግሜ ብታጠብ
ሽታው አይለቅም፤ ደብተሬም ሆኗል የአሳ ወደብ።

ማክሰኞ ማታ መምህር ይኼይስ አንድ ክፍልፋይ ጻፈ፤
ላዕሉ አምስት ኤክስ ሲደመር አንድ፣
ታህቱ ሁለት ቅንፍ፣ እንደ ታንኳ ጎን ለጎን የተንሳፈፈ፤
በአንዱ ኤክስ ሲቀነስ አንድ፣
በሌላው ኤክስ ሲደመር ሁለት።
«ኢንተግራሉን!» አለና ከእጁ ጠመኔ አራገፈ።

ዝም። የትንኝ ድምፅ ብቻ፣ ከአምፖሉ ሥር።
ከፊት የሚቀመጠው ጎበዝ እንኳ አቀረቀረ፣ ጫማውን ሊያስር።
«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ትላላችሁ አይደል?
እዚህ ግን ድሩን ካልፈታችሁ አንበሳው አይያዝም፤
እንደተቋጠረ እሺ አይልም።
ለየብቻ አድርጉት። ለየብቻው የዋህ ነው፣
እያንዳንዱ ሎጋሪዝሙን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል።»

ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ይታይሽ፣ ነይ እስቲ።
ይህን ቅንፍ በአውራ ጣትሽ ሸፍኚው።»
ሸፈንኩት።
«የሸፈንሽውን ዜሮ የሚያደርገው ማነው?» «አንድ።»
«ለቀረው አቀብይው።»
ስድስት ሲካፈል ለሦስት። ሁለት።
ጣቴን ወደ ወዲያኛው አሻገርኩ፣ ኔጌቲቭ ሁለትን አስገባሁ፤
ኔጌቲቭ ዘጠኝ ለኔጌቲቭ ሦስት፤ ሦስት ሆኖ ወጣ።
ይኸው ነው? ይኸው ነው።
ሰሌዳው ላይ ግን የጣቴ ቅባት ቀረ፤
ከዚያ ወዲያ ያ ቦታ ጠመኔ አልይዝ አለ።

ረቡዕ ንጋት፣ ጉሙ ከውሃው ሳይላቀቅ፣
አላምረውና ስማቸው በአንድ ጀልባ ጭነው መጡ፣
አምባዛው ከቀረሶው እንደተደባለቀ።
«የኔ ይበልጣል!» «የኔ እንጂ!» ሲሰዳደቡ
መረባቸውን አየሁ።
የአላምረው ዓይኑ ሰፊ ነው፣ ትንሹን ያሳልፋል፤
የስማቸው ጠባብ፣ ጣት የሚያክለውን ሳይቀር ይለቅማል።
አንዱን በሐሳቤ ሸፈንኩ፣ ሌላውን መዘንኩ፤
ሃያ ስድስት ኪሎ። አሥራ አራት ኪሎ። ፈረሙ።
አንድ ክምር ሰጥተውኝ ሁለት ሰው መለስኩላቸው።
ያን ቀን ኮራሁ፤ ዓለም ሁሉ ቅንፍ መሰለኝ።

ሐሙስ ማታ ኤክስ ካሬ ሲደመር አንድ መጣ።
ጣቴን ዘርግቼ ቆምኩ።
«ምን ታስገቢለታለሽ?» አለ መምህሩ፤ አልሳቀም።
አንድን? ሁለት ይሆናል። ኔጌቲቭ አንድን? ያው ሁለት።
ዜሮን ራሱን? አንድ ይቀራል፤ እንቢ አለኝ።
«ይህን የሚያጠፋ ቁጥር በመስመራችን ላይ የለም።
አይሰበርም። እንዳለ ተዪው፤
ከራሱ ላይም አንድ ፊደል አይበቃውም፣ ሁለት ጫኚለት፤
ቢ ኤክስ ሲደመር ሲ።»

ፈንቴና ጓዴ ትዝ አሉኝ፣ የዘጌዎቹ መንትዮች።
በአንድ የደንገል ታንኳ፣ በአንድ መረብ፣ በአንድ ደረሰኝ፤
ስድስት ዓመት ሙሉ «ፈንቴና ጓዴ» እያልኩ ጻፍኩ፣
ለሁለት ክፈይን ብለውኝ አያውቁም።

ሐምሌ ላይ ማዕበሉ ፈንቴን ወሰደው።

ጓዴ ከአርባው በኋላ ብቻውን መጣ፤ ሰባት ቀረሶ።
እስክሪብቶ አነሳሁ። «ስም?» አልኩት፣ የማላውቀው ይመስል።
«እንደ ወትሮው» አለኝ።
በአሮጌው ገጽ ላይ፣ ከሁለቱ ስም አንዱን
በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ሞከርኩ፤
የተረፈው ይነበባል፣ ስሌት ግን አልሆነኝም።

እንደ ወትሮው ጻፍኩ።
የቀለሙን ቆርቆሮ ከፍቼ ገፋሁለት፤
አውራ ጣቱን ነክሮ ፈረመ።
ደግሞ ነከረ፤
ከጎኑ ፈረመ።