ማክሰኞ ሁለት ጊዜ

ኦክላንድ፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፤
የጀልባ ሆድ ሳለሰልስ በብርጭቆ ወረቀት፣
አቧራ በጠጣው ኪሴ ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤
የእህቴ የኢርማ ድምፅ ነው፣ ከመሀል የተቆረጠ።
«ኤፍራይን፣ አባባ…» አለች። ሌላውን ሳትጨርስ ቀረች፤
ምን ትበል? የሳንቲያጎን ሰዓት ብቻ ነገረች፦
«እዚህ ሌሊት ስድስት ነው፣ ማክሰኞ ገና መግባቱ።»
እኔ ጋ ማክሰኞ አርጅቷል፤ ሠራተኛው ሊገባ ነው ቤቱ።

ትኬት ቆራጯ ልጅ መስታወቷን ዳሰሰች፤
«ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር» አለች፤
«አሥራ አንድ ሰዓት በረራ፤ ምሽት አንድ ላይ ይነሣል፤
ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት፣ ሳንቲያጎ ያደርስሃል።»
«የትኛው ማክሰኞ?» አልኳት።
«ይኸው የዛሬው» አለች።
ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ጥርሷን ሰበሰበች።

ጣቴን አጣጥፌ ቆጠርኩ፦
ከመነሣቴ አምስት ሰዓት ቀድሜ እደርሳለሁ፤
ከስልኩ ጥሪ በፊት ሁለት ሰዓት እተርፋለሁ።
እንደ ሰዓቱ ከሆነ፣ እንደ ትኬቱ ጽሑፍ፣
መርዶ ያልሰማ ልጅ ነኝ፣ በአባቴ ደጅ የማልፍ።

አባቴ ዶን ኤውሎሂዮ ደቂቃ ቸርቻሪ ነበር፤
ማፖቾ ወንዝ ዳር፣ ከአሮጌው ድልድይ ሥር፣
እርሳሱ ከጆሮው በላይ፣ ካርቶኑ ከጉልበቱ፣
አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ይከተባል ሰዓቱ።
ሾፌር ብቅ ሲል በመስኮት፣ «አራት ደቂቃ ቀድሞሃል!
የፊተኛው ገበያውን ጠርጎልሃል!» ይለዋል፤
ሳንቲም ይወረወራል። ነዳጅ ይረገጣል።
በዚያች ሳንቲም አደግን፣ ዳቦአችን በደቂቃ ተመንዝሮ፣
ጫማዬ፣ ደብተሬ፣ በሁለት አውቶቡስ መሀል ተሰፍሮ።

ሲሸኘኝ ርቀቱን አልጠየቀም። ኪሎ ሜትር ምኑም አይደል።
«ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።
«መሄጃው አሥራ ሦስት ይሆናል።»
«መመለሻውስ?»
«አሥራ አንድ፤ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል።»
እርሳሱን አወረደ። ጻፈ።
«እንግዲህ» አለ፣ «መመለሱ ይቀላል።»

ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

አጠገቤ የቶንጋዋ አሮጊት፣ ወይዘሮ ኡናሎቶ፣ ጫማቸውን አወለቁ፤
«የቀኑን መስመር ስናልፍ ቀስቅሰኝ» ብለው እንቅልፍ ላይ ወደቁ።
ካርታው ላይ አውሮፕላኗ እንደ ጉንዳን ትሳባለች፤
ታች ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ፤ ደሴት እንኳ አልታየች።
ሳልቀሰቅሳቸው ነቁ። «አለፍን?»
«አለፍን።»
«ምን ይመስላል?»
«ውሃ ነው፣ እማማ። ውሃ ምን ይመስላል?»

ዘጠኝ ተኩል ላይ ከቤት ደረስኩ። ሳሎን፣ አራት ሻማ መሀል፣
በጊዜው እንደተሳፈረ ሰው አንገቱን ቆልፎ ተኝቷል።
ከበሩ ጀርባ በሚስማር ያቺ ካርቶን ተሰቅላለች፤
መሄጃ አሥራ ሦስት፣ መመለሻ አሥራ አንድ፣
ከሥራቸው ባዶ መስመር አለች።

ኢርማ እጇን ዘረጋች፤ ልታለቅስ ስትል አንገቴ ላይ፣
ያዝኳት። «ገና ነው» አልኩ፣ «ግማሽ ሰዓት እንቆይ።»
ጎረቤት እርስ በርስ ተያየ። አበደ ብለው ይሆናል።
ወንበር ስቤ ከእግሩ ሥር፣ ደቂቃውን ቆጠርኩለት፣
እሱ ለሾፌር እንደሚቆጥር፣ አንዲቷን ሳልሰርቅበት።

የወጥ ቤቱ ግድግዳ ሰዓት አሥር አለ።

ያን ጊዜ ሰማሁ።