የሰው ሶፋ

«ያንቲ ነኝ» አለችኝ። ሙሉው ወርቅያንጥፉ፣
የእናቴ ስም ነበር፤ እዚያ በርገን ቢከብድ
ግማሹን አራገፉ።

ሁለት ፎቶ በእጇ፣ ካሜራ ካንገቷ፣
አቃቂን ተሻግራ መጣች፣
ልታይ የት እንደበቀለ አባቷ።

በአንዱ እኛ ተደርድረን፣ ቀይ ሶፋ ላይ፣
ከኋላችን ሐይቅ፣ ነጫጭ ዳክዬ፣ ጀልባ፤
በሌላው ወንድሜ፣ በረዶው ላይ ቆሞ፣
ሰማያዊ ቮልቮ ግንባር ላይ እጁን አሳርፎ፣
ፈረሱን እንዳሰረ ሰው።

«አጎቴ» አለችኝ፣ ቃሉን እያነሳች፣ እየጣለች፣
«ሐይቁ በየት በኩል ነው?» አለች።

ምን ልበላት?
ሐይቁ ሸራ ነበር፣ የጋሽ ሸዋታጠቅ፣ ጫፉ የተላጠ፤
ዝናብ በገባ ቁጥር ውኃው የሚንጠባጠብ፣
ዳክዬው ያበጠ።
ሶፋውም የሱ ነው፤ ለመቀመጥ ስሙኒ ይጨመራል።
ኮቱም የሱ፣ እኔን ሁለት የሚያህል፣
ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ።
ደመወዝ ከቀረ ሦስተኛ ወር ነበር፣ ክር ፋብሪካው ዝም ብሎ፤
እማዬ ግን በጥርሷ መሐል
«ሳቁ» አለችን፣ «እንደ በላ ሰው፤
ያ ልጅ ይኼን አይቶ ሆዱ እንዳይባባ።»
ከጀርባው እኔ ጻፍኩ፣ በእሷ አፍ፦
«እኛ ደኅና ነን። የጎደለን ያንተ ዓይን ብቻ ነው።»

ይኼን ስነግራት ሳቀች፤ ቆይቶ ሳቋ ተሰበረ።
«መኪናውም የጎረቤት ነው። አባዬ
መንዳት ሳይለምድ ነው የሞተ፤
ያኔ ሆቴል ውስጥ ሰሃን ያጥብ ነበረ።»

ሃያ ሁለት ዓመት እንግዲህ፣
በቴምብር፣ በፖስታ፣
እሱ ለእኛ ሲዋሽ፣ እኛ ለሱ ስንዋሽ፣
አንዳችን ላንዳችን ስንከፍል ውለታ።

«ቤቱስ?»
ቤቱ አስፋልት ሥር ነው። ከወፍጮው ግድግዳ
ሠላሳ አንድ እርምጃ ቆጠርኩላት፤
እናቴ በተኛችበት ሲኖትራክ አለፈ፣ ጠጠር ጭኖ፣
በጥሩምባው እያስደነበራት።

«እዚህ ቁም» አለች። ሳቅ አላለችኝም።
ፀሐይ ከኋላዋ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል፤
ጥላዋ ረዝሞ
ጫማዬ ላይ መጥቶ ተኛ።
«ጥላዬ ገባ፣ ላጥፋው?»
«ተይው፤ እሱም ከእኛ።»

ከዚያ ፊቴን አሳየችኝ፣ በካሜራዋ መስኮት።
አገላብጬ ባይ ጀርባ የለው ለካ
የዘንድሮ ፎቶ፣ የሚጻፍበት።
ቢኖረው ግን፣ ያንቲዬ፣
አንድ መስመር ነበረኝ፦
ኮቱ የራሱ ነው።